ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ይህ ጽሑፍ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የጋራ አዳራሻችን ውስጥ ለጉዞ እቁባችን አባላት ያደረግኩት ንግግር ነው። እሁድ ጠዋት፣ እቁቡ ከተጣለ በኋላ ነበር። መምጣት ያልቻሉ ጎረቤቶች "ጻፍልን" ስላሉኝ፣ ከመሃል የተነሱትን ጥያቄዎች ጨምሬ እንደተናገርኩት ጻፍኩት።

እንደምን አደራችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ኑ ወደዚህ ቅረቡ፤ ፀሐይዋ የምትገባው በዚህ በኩል ነው። የህዳር ጠዋት ብርድ ቀላል አይደለም። ጋቢ ለብሳችሁ የመጣችሁትን ሳይ ደስ አለኝ፤ የዛሬው ጨዋታችን ግማሹ ስለ ጋቢ ነው።

ለገና የት እንሂድ ተብሎ ቴሌግራም ላይ ሦስት ሳምንት ተከራከርን። አንዱ ሐይቅ አለ፣ አንዱ ገዳም አለ፣ ልጆቹ "ተራራ" አሉ። የተጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ዋጋ ተጠይቋል። ኪሎ ሜትር ተጠይቋል። የሆቴል አልጋም ተጠይቋል። አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀም። ቦታው ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው?

እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። 17 ዓመት ቱሪስት ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወሩን ብቻ አይቶ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ሰው መንገድ ላይ ይቸገራል። ታህሳስ ለሁሉም ቦታ አንድ ታህሳስ አይደለም። መጀመሪያ ከፍታውን ጠይቁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ይቺን ሃይላንድ እዩዋት። ትላንት ከልጄ ጋር እንጦጦ ወጥተን ነበር። ውሃውን እዚያው ጠጥተን ጨረስነውና ባዶውን ጠርሙስ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው። ስትዘጋው ክብ፣ ደህና ጠርሙስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም፣ ማንም አልተቀመጠበትም። አሁን ግን ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። እንካችሁ፣ ተቀባበሉት፤ ክዳኑን ብቻ እንዳትነኩ።

አሁን ልክፈተው፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። "እስስስ" አለ አይደል? ጎኑም ተመለሰ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ልጄ ዘግታ ያመጣችው ያንን ስስ አየር ነው። የእኛ ሰፈር 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ወፍራም ስለሆነ ጠርሙሱን ከውጭ ተጫነው። መኪና ውስጥ ጆሯችሁ የሚደፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይሳሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ይቺን ቁጥር ብቻ ያዙልኝ። አያቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቋታል። ትምህርት ቤት በቃላችን ያጠናናቸው ስሞችም እነዚሁ ናቸው። ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ እስከ 1,500 ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ለፈተና ብለን አጥንተን ረሳናቸው። እኔ ግን ጉዞ ለማቀድ ከእነሱ የተሻለ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ዳሎል ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ይቆማል። በአንድ ገና አንዱ ጋ ላብ ነው፣ ሌላው ጋ የረጋ ውሃ በረዶ ይሠራል።

አሁን ወደ መንገዱ። እኔ የማቀርበው ጉዞ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ ይደርሳል። አትገረሙ። በአፋን ኦሮሞ "ቱሉ" ኮረብታ፣ "ዲምቱ" ቀይ ማለት ነው። ባሌ ውስጥ፣ ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ፣ ከሰፈራችን ጋር ስም የሚጋራ ተራራ አለ። ከፍታው 4,377 ሜትር ነው። ከአገራችን ረጃጅም ተራሮች አንዱ ሲሆን መኪና እስከ አናቱ ይወጣል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ደግሞ እዚሁ በራችን ላይ ነው። ሌላው የከተማ ሰው እዚህ ለመድረስ ብቻ በትራፊክ ሁለት ሰዓት ይጨርሳል፤ እኛ ከቤት ስንወጣ መንገድ ላይ ነን።

በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆ፣ ከዚያ ወደ ባቱ እንወርዳለን። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ነው። ከእኛ ሰፈር ከ500 ሜትር በላይ ወረድን ማለት ነው፤ በስሌታችን ሙቀቱ በሦስት ዲግሪ ተኩል ይጨምራል። እኩለ ቀን ላይ መኪና ውስጥ ሲሆን ደግሞ ከዚያም በላይ ይሰማል። ሻሸመኔ ላይ ወደ ምሥራቅ እንታጠፋለን። ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ፣ ጎባ። ስንዴና ገብስ አገር ነው። ከዶዶላ በኋላ መስኮቱን ስትከፍቱ የሚገባው አየር ራሱ ይነግራችኋል። ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት፣ 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ባቱ ላይ ቲሸርት የለበሰ ልጅ በዚያው ቀን ማታ ሹራብና ካልሲ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ነው። ለገና እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ዲንሾ ሄድኩ። ለእንግዶች "ጃኬት ያዙ" ብዬ ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለቤተሰቤ ግን "በጋ ነው፣ ፀሐይ ነው" አልኳቸው። እናቴ "ልጄ፣ ብርድ ልብስ ልያዝ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አልጋ ላይ አለ፣ እማዬ፣ ሻንጣ አታክብጂ" አልኳት። ያረፍንበት ቤት ለአንድ አልጋ የሰጠን አንድ ስስ ብርድ ልብስ ነበር። ሌሊት እናቴ ያንን አንዱን ብርድ ልብስ ለልጆቹ ደረበችላቸው፣ በላዩ ላይ ጋቢዋን ጨመረች። እሷ በነጠላ ተጠቅልላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ አደረች። እኔ ጎን ያለው ክፍል ተኝቼ አልሰማሁም። ጠዋት በሩን ስከፍት ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ አየኋት። "ተኝተዋል፣ አትቀስቅሳቸው" ነው ያለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "በጋ ስለሆነ አይበርድም" የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

በጋ ነው የሚበርደው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ቀን መሬቱ ፀሐይ ይጠጣል። ማታ ያንን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘዋል። በህዳር፣ በታህሳስና በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አየሩም ደረቅ ነው። የሚይዘው ነገር የለም፣ ሙቀቱ ሁሉ ይሄዳል። እዚሁ ሰፈር ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ የምታዩት ጤዛ፣ ሱሉልታ በኩል ሳሩን የሚያነጣው አመዳይ፣ የዚሁ ውጤት ነው። ስለዚህ የቀኑን ፀሐይ አይታችሁ ስለ ሌሊቱ አትወስኑ። ሳነቴ ላይ በዚህ ወቅት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ከእኛ ቱሉ ዲምቱ እስከ ባሌው ቱሉ ዲምቱ ልዩነቱ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ሲባዛ 14 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። እዚህ ቀን 24 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 10 ይሆናል፤ ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ከ10 ያነሰ ሆኖ ይሰማል። ከሳነቴ ማዶ መንገዱ በአንዴ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ጅብራው፣ ያ የውርጭ አገር ረጅም ተክል፣ ይቀራል፣ ዛፉ ይጀምራል፣ ጭጋግ ይመጣል፣ ከዚያ በጫካው ሥር የበቀለ ቡናና ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ታያላችሁ። እስከ ደሎ መና ከዘለቃችሁ ቆላ ነው፣ 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ነው። የሻንጣችንም ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው። ጃኬቱ ሻንጣ ታች ከሆነና ሻንጣው ፖርቶማጋሎ ላይ ከታሰረ፣ ሳነቴ ላይ የለም ማለት ነው። ከታች ቲሸርት፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ልበሱ። ጋቢው ጭናችሁ ላይ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይኑረው፤ የሆቴሉ ላይ አትተማመኑ። ኮፍያና ቫዝሊን አትርሱ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ሳትሞቅ ታቃጥላለች፣ ከንፈር ይሰነጠቃል።

ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። ግን ዕድሉ ጥሩ ነው፤ በቀን የሚያድን እንስሳ ነው፣ ሜዳውም ገላጣ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ገደማ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ጭንቅላቱን ብቅ እያደረገ ሣር የሚጎትተው ትልቁ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ሌላ የትም የለም። ቀበሮው እሱን ሲጠብቅ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ሳይተነፍስ፣ ረጅም ሰዓት ይቆማል። መኪናው ውስጥ ያሉ ልጆችም አብረውት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔ ስንት ጊዜ አየሁት፣ እስካሁን አልጠገብኩም። ምግብ አትወርውሩላቸው፣ ከመኪናም እየወረዳችሁ አትከተሏቸው።

የባሌው ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ለመተንፈስ የሚገኘው ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ እንኳን አይሞላም። እኛ ደገኞች ስለሆንን ከባህር ዳርቻ ከመጣ ሰው እንሻላለን። ቢሆንም ኳስ ለመጫወት የሚሮጥ ልጅ ወዲያው ራሱን ያመዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ቀን ወደ ላይ እንወጣለን፣ ማታ ጎባ ወርደን እንተኛለን። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። "ትንሽ እንጠብቅ" አይባልም።

ስለ ምግብ ባጭሩ። የገናን ዶሮ ወጥ በድስት ይዛችሁ በባቱ ሙቀት እንዳታልፉ፤ ይበላሻል። ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይሻላል። ዲንሾ ላይ ድስት የሚጥድ ካለ ደግሞ ውሃ እዚያ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ምስር ይቆያል፤ ከቤት ዘፍዝፋችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትልቅ ነገር። ብርዱን ትተን ሙቀቱ ጋ እንምጣ። በእቁቡ ውስጥ አርባ ምንጭን የመረጡ አሥር አባወራዎች አሉ፤ ድምፃቸው ይከበር። አርባ ምንጭ ደስ የሚል አገር ነው። ከተማው 1,285 ሜትር ገደማ ነው፤ አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። ከዚያው ተነስታችሁ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ስትወጡ ከ2,500 ሜትር በላይ ትደርሳላችሁ። አርባ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከሙዝ ወደ እንሰት፣ ከአጎበር ወደ ጋቢ ማለት ነው። ጋቢውንም የሚሸምኑት እነሱው ናቸው።

ግን ወባ አለ። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ሁሉ እንደ ወባ ቦታ ይታሰብ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ፣ ይብሳል። ልክ እኛ ለሽርሽር የምንወጣበት ጊዜ ነው።

የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር አርባ ምንጭ ሄዶ ተመለሰ። 11 ዓመቱ ነበር። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ትምህርት ጀመረ፣ ጉዞውን ሁላችንም ረሳነው። አንድ ማታ አንቀጠቀጠው፤ ጉንፋን ነው አልን። በማግስቱ ክሊኒክ ወሰድነው። ታይፎይድ ነው ተባልንና መድኃኒት ተሰጠን። የት ነበራችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። እኔም አጠገቡ ቆሜ አልተናገርኩም። በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ መቆምም አቃተው። ሌላ ቦታ ስንወስደው አንዲት ነርስ ገና ስታየው "ቆላ ሄዶ ነበር?" አለች። ጣቱን ወግታ ደም ወሰደች። ወባ ነበር። ዛሬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እህቴ ፊት ግን ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ወባ ከተነከሱ በኋላ ለመታየት አንድ፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አንደኛው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። ስለዚህ ጉዞው ቤት ስንገባ አያልቅም። ትኩሳት ያለው ሰው ሐኪም ጋ ሲገባ የመጀመሪያው ቃሉ "ቆላ ሄጄ ነበር" ይሁን። ሳትጠየቁ ተናገሩ። ነፍሰ ጡር እና ሕፃን የያዘች እናት ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። አጎበር ያዙ፤ ሆቴሉ አለኝ ቢልም መርፌና ክር ያዙ፣ የተቀደደ ይበዛል። ማታ እጅጌ ሙሉ ልበሱ። ወደ ድሬዳዋ ለምትሄዱም ይኸው ነው። እዚያ በ2014 ዓ.ም. ወረርሽኝ ያስነሳው ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ በርሜልና ሮቶ ውስጥ ይራባል፤ ከተማ ነው፣ ደረቅ ወቅት ነው ተብሎ አይታመንም።

ስለ ሐይቅ አንድ ነገር። ልጅ ሐይቅ ካየ አይመለስም። ባቱና ሐዋሳ ላይ ቢልሃርዚያ፣ ውሃ ውስጥ ካለ ትል የሚመጣ በሽታ፣ አለ፤ እግራቸውንም አይንከሩ። መዋኘት ካለ ላንጋኖ ይሻላል።

ከኋላ አንድ ወጣት "ገና ካልተመቸን ለፋሲካ ብናደርገውስ?" ብሎ ጠየቀ። ይቻላል፤ ግን ሌላ ጉዞ ይሆናል። ሚያዝያ ለደቡብና ለባሌ የዝናብ ወቅት ነው። ቦረናም ዋናው ዝናቡ ያኔ ነው። ሳነቴ ላይ ጭጋግ ይወርዳል፣ የጨንቻ ዳገት ይንሸራተታል። ለፋሲካ ከሆነ ቀኑን አስረዝመን፣ የመንገዱን ሰዓት ጨምረን እናቅዳለን። ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ግን ጥሩ ነው። የልጆቹን የመንፈቅ ዓመት ፈተና ቀን ትምህርት ቤታቸውን ጠይቁና ለእኔ ጻፉልኝ።

ኮስትሩን ስንከራይ ሹፌሩን እኔ አናግረዋለሁ። ሐረና ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን ላይ ቆሞ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ አይዝለትም። የጎማ ንፋስ ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል። ከመነሳታችን በፊት በነበረው ማታ የመንገዱን ደህንነት እዚያው ላሉ ሰዎች ደውለን እንጠይቃለን። መንገዱ ደህና አይደለም ከተባለ አንሄድም፣ ክርክር የለውም።

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። "እኔ ደም ግፊት አለብኝ፣ ጉልበቴም አይረዳኝም። ልቅር ወይ?" አሉኝ። እማማ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎን "4,000 ሜትር ልወጣ ነው" ብለው ይጠይቁት። "ብርድ ቦታ ልሄድ ነው" አይበሉት፤ ቁጥሩን ይንገሩት። አይሆንም ካለ ሳነቴ በምንወጣበት ቀን እርስዎ ዲንሾ ይቆያሉ። ደጋ አጋዘኑ እዚያው ጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ይግጣል፤ ፀሐይ እየሞቁ ያዩታል። የእኔ እናት ካልተጓዘች ደስ አይለኝም፤ እርስዎም ቢቀሩ ደስ አይለኝም። ብቻዎን አንተውዎትም፣ አንድ ሰው አብሮዎት ይቆያል። ጋቢውን ግን ለማንም እንዳይሰጡ።

እዚህ ላይ የፊት ወንበር ላይ የነበረች ልጅ ባዶውን ሃይላንድ አነሳች። "እዚህ ዘግተን ቱሉ ዲምቱ ላይ ብንወስደው ይፈነዳል?" አለችኝ። አይፈነዳም፤ ተወጥሮ እንደ ከበሮ ይሆናል አልኳት። ክዳኑን በሁለት እጇ አጥብቃ ዘጋች፣ ማርከር ተቀብላ ጎኑ ላይ "2,200" ብላ ጻፈችበት። ጠርሙሱ አሁን አዳራሹ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል።